ሐዋሳን ሰባት ዓመት ያጠኑት ሰው

ጋሽ ደምሴ ማረፋቸውን በስልክ ሲነግሩኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «የት?» የሚል ቃል ነበር። የደወለልኝ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ «የት ይሁን ትላለህ? አዳማ ነዋ! እቤታቸው፣ ወንበራቸው ላይ» አለኝ። አፈርኩ። ጥያቄው ግን ያለ ምክንያት አልወጣም። ጋሽ ደምሴ ቤታቸውን ነቅለው ከአዳማ ወደ ሐዋሳ ሊዛወሩ ነው ከተባለ ሰባት ዓመት ሆኖታል። በእነዚህ ሰባት ዓመታት ከሰፈራችን ሰው ስንቱ እሳቸውን አማክሮ ክልል ቀየረ! አንዱ ባሕር ዳር ገባ፣ አንዷ ድሬዳዋ፣ ሌላው ጅግጅጋ። እኔ ራሴ ሐዋሳ የገባሁት እሳቸው «ሂድ» ስላሉኝ ነው። ያልሄዱት መካሪው ብቻ ናቸው።

ያወቅኳቸው መልካሳ ነው። እሳቸው በእርሻ ምርምሩ የቦሎቄ ዝርያ የሚፈትኑ ነባር ባለሙያ፣ እኔ ደግሞ ገና ከኮሌጅ የወጣሁ የመስክ ቴክኒሻን ነበርን። ሁለታችንም አዳማ አንድ ሰፈር ስለምንኖር ጠዋት ጠዋት በአንድ ሰርቪስ እንሄዳለን። ረዥም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ጥርሳቸው የስምጥ ሸለቆን ውኃ እየጠጣ እንዳደገ ሰው ሁሉ ቡናማ ነው፤ ሲስቁ ግን አይሸፍኑትም። ጥያቄ ሲጠየቁ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ ያደርጉና ሽቅብ ወደ ሰማይ ያያሉ። ጥያቄው ትልቅ ይሁን ትንሽ ለውጥ የለውም። የሰርቪሱ ሹፌር «ጋሽ ደምሴ፣ መስኮቱን ልዝጋው?» ሲላቸው መነጽሩ ይወጣል፤ መልሱ ሲመጣ እኛ መልካሳ ደርሰናል።

እሳቸው ዘንድ አንድ ዝርያ ሦስት ክረምት ሳይፈተን ለገበሬ አይሰጥም። ይህ የሥራው ደንብ ነው፤ ሌሎቹም ይከተሉታል። ጋሽ ደምሴ ግን ደንቡን ከመሥሪያ ቤት እቤታቸው ይዘውት ይገቡ ነበር። «አንድ ክረምት ምንም አይነግርህም፤ አንድ ክረምት አጋጣሚ ነው» ይላሉ፣ ስለ ቦሎቄም ሆነ ስለ አዲስ ጎረቤት። ባለቤታቸውን እትዬ አስቴርን ለማግባትም ሦስት ክረምት ፈጅቶባቸዋል። ይህን የምትነግረን ራሷ እትዬ አስቴር ናት። «እኔ ግን በመጀመሪያው ክረምት ደርሼ ነበር» ትልና እሳቸውን ጎሸም ታደርጋቸዋለች። እሳቸው ይስቃሉ፤ ቡናማው ጥርስ በሙሉ ይታያል።

አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ጣቢያው ግቢ ውስጥ የዝናብ መለኪያ አለ። ጠዋት ጠዋት በሦስት ሰዓት ሄዶ ውኃውን አይቶ መዝገብ ላይ ማስፈር የኦቦ ቱሉ ሥራ ነው። ኦቦ ቱሉ እዚያው አቅራቢያ ያለችው የደራ ከተማ ሰው ናቸው፤ ከጋሽ ደምሴ ጋር እኩያሞች ስለሆኑ ሲቀላለዱ ነው የሚውሉት። ያን ዕለት ኦቦ ቱሉ ደራ ለቅሶ ደርሰው አርፍደው መጡና ሰማዩን ቀና ብለው አይተው መዝገቡ ላይ ዜሮ ጻፉ። ጋሽ ደምሴ ደረሱባቸው።

«አካም፣ ኦቦ ቱሉ! መለኪያውን አየኸው?»

«ሰማዩን አየሁታ! አንድ ደመና የለው። ያልዘነበ አልዘነበ፤ ዜሮ ብጽፍ ምን አለበት?»

ጋሽ ደምሴ እስክሪብቶ አውጥተው ዜሮዋን ሰረዙና በቦታዋ «አልተለካም» ብለው ጻፉ። «ዜሮ ማለት ሄደህ አይተህ ባዶ ሆኖ አገኘኸው ማለት ነው» አሏቸው። «አልተለካም ማለት ደግሞ አልሄድክም ማለት ነው። አንዱ የሰማዩ ነገር ነው፤ ሌላው ያንተ ነገር ነው።»

ኦቦ ቱሉ «ኤዬ፣ የኔ ነገር ነው» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ቃሉ የጣቢያው ቀልድ ሆኖ ቀረ። «ምሳ በላህ?» ስትለው «አልተለካም» ይልሃል። «ሚስትህ ደህና ናት?» ስትለው «ዛሬ አልተለካችም» ይልሃል። ቀልዱ እቤታቸውም ገብቶ ነበር፤ እትዬ አስቴር ራሷ ወጡ ጨው በዝቶበት እንደሆነ ስትጠየቅ «አልተለካም» ትላለች። ጋሽ ደምሴ ግን አይቀልዱበትም ነበር። በሠላሳ ዓመት ሥራቸው አንድ ቁጥር ከኪሳቸው አውጥተው እንዳልጻፉ ሁላችንም ምስክር ነን። ይህን የምለው በኋላ የመጣውን ስለማውቅ ነው።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ሊዲያ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማረች፣ እዚያው ባል አገኘች፣ እዚያው ቀረች። ጋሽ ደምሴ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ እትዬ አስቴር ቆርጣ ተነሳች። እሳቸው የተወለዱት አርሲ ነው፤ እሷ የሸዋ ልጅ ናት፤ አዳማ የገቡት ለእንጀራቸው ነው፤ እንጀራው ካለቀ ልጃቸው ወዳለችበት ክልል ቢሄዱ ማን ይከለክላቸዋል? ለሷ ነገሩ ቀላል ነበር። ከልጇ በር አጠገብ ማርጀት ፈለገች። ሌላ የፈለገችው ነገር አልነበረም። «ልጄን በስልክ ሳሳድግ ልኑር?» ትል ነበር።

ጋሽ ደምሴ እሺ አሉ። በፍጥነት እሺ ማለታቸው ራሱ ሰፈሩን ጉድ አሰኘ። የቤት ኅብረቱ፣ ማለትም በሳምንት አንድ ቀን በየቤቱ አብረን የምንጸልይ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ የሽኝት ፕሮግራም አዘጋጀንላቸው። አብርሃም ከአገሩ ስለ መውጣቱ ተነበበ፤ ተጸለየ፤ ተለቀሰ፤ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ተሰጣቸው። እትዬ አስቴር ሳህኑንና ብርጭቆውን በጋዜጣ ጠቅልላ ካርቶን ውስጥ አሸገች። ጋሽ ደምሴ «ቀድሜ ልየው፤ ሳምንት ቆይቼ እመለሳለሁ» ብለው ብቻቸውን ሐዋሳ ወረዱ።

በሳምንቱ ተመለሱ። እትዬ አስቴር በሩ ላይ ጠበቀቻቸው።

«እህሳ? መቼ ነው የምንሄደው?»

መነጽሩ ወጣ። ሰማዩ ታየ። «ጥናቱ ገና ነው» አሉ።

በማግስቱ ሰዓቱን ወረቀቱ ሳይቀደድ ይዘው ለኅብረቱ መሪ ሊመልሱ ሄዱ። «የተሰጠኝ ለመሄዴ ነው፤ አልሄድኩም» አሏቸው። መሪው የተሰጠ ስጦታ አይመለስም ብለው አሳፍረው መለሷቸው፤ ሰዓቱም ሳሎን ተሰቀለ። ካርቶኖቹ ግን አንድ ዓመት ሙሉ አልተፈቱም። ባልና ሚስት በሁለት ሳህን ይበሉ ነበር፤ እንግዳ ከመጣ ከጎረቤት ይዋሳሉ። እትዬ አስቴር በየኅብረቱ «አብርሃም እኮ ናሙና አልወሰደም!» እያለች ታስቀን ነበር። እሷ ግን አትስቅም።

አስገራሚው ነገር፣ ለሌላ ሰው ሲሆን ጥናቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው የሚፈጅባቸው። እኔ የዛሬ አምስት ዓመት ሐዋሳ ሥራ አግኝቼ ሚስቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ልሂድ ወይስ ልቅር ብዬ ስብሰለሰል እሁድ ከጸሎት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። በወረቀት ጽፌ ነው የሄድኩት፤ የቤት ኪራይ፣ ትምህርት ቤት፣ ልጆቹ የሚማሩበት ቋንቋ፣ ወባ፣ የሚስቴ ሥራ። ወረቀቱን አላዩትም።

«እዚያ በር የሚከፍትላችሁ ማነው?» አሉኝ።

«የባለቤቴ ወንድም አለ። ቤት እስክታገኙ እኛ ጋ ትሆናላችሁ ብሏል።»

«ከልቡ ነው?»

«ከልቡ ነው።»

«ሂድ» አሉ። መነጽሩ እንኳ አልወጣም።

«ጋሽ ደምሴ፣ ትምህርት ቤቱስ? ቋንቋውስ? ይህ ሁሉ የጻፍኩት...»

«እሱን እዚያ ስትደርስ ትለካዋለህ። ከዚህ ሆነህ አይለካም።» ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ «አንድ ነገር ግን ላስቸግርህ ነው። በየወሩ እየደወልኩ ጥቂት ነገር እጠይቅሃለሁ» አሉኝ።

እውነትም በየወሩ ደወሉ። ዝናቡ እንዴት ነው? ትንኙስ? የቧንቧው ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ጣዕሙስ? ሰው ቁርጥማት ያማርራል? እኔም ያየሁትን በታማኝነት እነግራቸዋለሁ። ትንኝ አለ፤ አዳማም አለ። ውኃው ይጠጣል። ዝናቡ ከአዳማ የተሻለ ነው፤ አቧራው ደግሞ የአዳማን አያክልም። «ጥሩ፣ ጥሩ» ይላሉ። ሲጽፉ የእስክሪብቶው ድምፅ በስልክ ይሰማኛል። እኔም በኩራት፣ ባልና ሚስቱ ዘንድሮ መምጣታቸው ነው እል ነበር።

ለገና ዘመድ ጥየቃ አዳማ ስመጣ ቤታቸው ገባሁ። እትዬ አስቴር አቅፋ ሳመችኝና አገላብጣ አየችኝ።

«አንተ ልጅ! ያን ጨው ውኃ እየጠጣችሁ እንዴት ከረማችሁ?»

«የምን ጨው ውኃ፣ እትዬ?»

«ለጋሼህ የነገርከው ነዋ! እኔማ በየወሩ እሰማለሁ። የልጆችህ ጥርስ እንዳይበላሽ ብቻ። ትንኙስ ትንሽ ቀነሰላችሁ? ያ የሐይቁ ቅዝቃዜ ያመጣብህ ቁርጥማትስ?»

ጋሽ ደምሴን አየኋቸው። ጋዜጣ ውስጥ ገብተው ጠፍተዋል። ለካ ከሐዋሳ በየወሩ ክፉ ወሬ የምልከው እኔ ኖሬያለሁ። ዕድሜ ልካቸውን የተበላሸ ቁጥር ያልጻፉት ሰው የኔን ሪፖርት ከሥር እስከ ላይ ፈጥረውታል። ያውም የሐዋሳ ውኃ ጥርስ ያበላሻል ብለው፣ በዚያ በራሳቸው ጥርስ!

ውጭ ለመሸኘት ሲወጡ ያዝኳቸው። የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያነሳ ዓይናችን ውስጥ ይሞጅረዋል። «ጋሽ ደምሴ፣ እኔ መቼ ነው ቁርጥማት የያዘኝ?» አልኳቸው።

ብዙ አላስለመኑኝም። «ሊዲያ አትምጡ ብላኛለች» አሉ።

ነገሩ ቀድሜ ልየው ብለው ሐዋሳ በወረዱባት በዚያች ሳምንት የሆነ ነው። ሄደው ሲያዩ የሊዲያ ባል ሥራው ቆሞበታል፤ ባልና ሚስቱ ከአማቶቿ ግቢ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው የሚኖሩት። አልጋቸውን ለአባቷ ለቀው መሬት ተኙ። በመጨረሻው ቀን ሊዲያ መናኸሪያ ድረስ ሸኝታ እጃቸውን ይዛ አለቀሰች። «አባዬ፣ አትምጡብኝ። እማዬ ይህን ካየች አትችለውም። እንዳትነግራት» አለቻቸው። ቃል ገቡላት።

«ታዲያ ለአስቴር ምን ልበላት?» አሉኝ። «ልጅሽ በር አልከፈተችልሽም ልበላት? ውኃው ይክፋባት እንጂ ልጇ አትክፋባት።»

ሰፈሩ ሁሉ ወላዋይ፣ ቆራጥነት የሌለው እያለ የሚስቅባቸው እኚህ ሰው ነበሩ። እኔም ስቄባቸዋለሁ። «ከዚያ ወዲህስ ጠይቀዋታል?» አልኳቸው።

መነጽሩ ወጣ። ሰማዩን ረዥም ጊዜ አዩት። «አንድ አባት ልጁን ስንት ጊዜ ልምጣብሽ ይላል?» አሉኝ። ከዚያ እኔንም ለማንም እንዳልናገር ቃል አስገቡኝ።

ቃሌን ጠበቅኩ፤ ዛሬ የሚቆጨኝም እሱ ነው። ሊዲያን ሐዋሳ ውስጥ አልፎ አልፎ ቤተ ክርስቲያን አገኛት ነበር። ባሏ ሥራ እንደያዘ ሰምቻለሁ፤ ቤት ተከራይተው ከአማቶቿ ግቢ እንደወጡም አውቃለሁ። ልጅ ወልዳለች። ፊቷ ተመልሷል። ሁልጊዜ «አባዬ እንዴት ነው? አሁንም ሐዋሳን አይወድም?» ትለኛለች። እኔም «እያጠኑት ነው» ብዬ እስቅና አልፋለሁ። አንድ ጥያቄ ብጠይቃት ኖሮ! ግን የሰው ምሥጢር ነው ብዬ፣ ጨዋ ነኝ ብዬ፣ አልጠየቅኳትም።

የቀብሩ ዕለት ሐዋሳ ስለነበርኩ አልደረስኩም። የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ድንኳኑ ውስጥ ኦቦ ቱሉ ከመልካሳ የሥራ ባልደረቦች ጋር ተቀምጠው ያችን የዝናብ መለኪያ ታሪክ ለለቀስተኛው ያወራሉ። «ዜሮዬን ሰረዘብኝ» ይላሉ፤ ሰው ይስቃል፤ ሳቁ ሳያልቅ ያለቅሳል። እትዬ አስቴር ጥቁር ለብሳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ሊዲያ አጠገቧ ነበረች፤ እጇን ይዛለች።

«እማዬ፣ ብቻሽን እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?» አለች ሊዲያ። «ከኔ ጋር እንሂድ።»

«አይሆንም ልጄ» አለች እትዬ አስቴር። «አባትሽ ሰባት ዓመት አጥንቶ አይሆንም ወዳለው አገር፣ ገና አፈሩ ሳይደርቅ ቃሉን ጥሼ ልሂድ?»

ሊዲያ ያን ጊዜ ፈነዳች። «ክፍልሽን ካዘጋጀሁት አራት ዓመቴ ነው፣ እማዬ! አልጋው ተነጥፎ ነው ያለው! በደወልኩ ቁጥር ውኃው፣ ትንኙ ስትይኝ ምን ልበል? አባዬ ሐዋሳን እንደዚያ ሲጠላ እንዴት ኑልኝ ልበል?»

አራት ዓመት! እኔ ፍራሹ ጥግ ላይ ተቀምጬ ጋሽ ደምሴን ተቆጣኋቸው። ሞተዋል፣ እወዳቸዋለሁ፣ ግን ተቆጣኋቸው። አንድ ክረምት አጋጣሚ ነው ሲሉን የኖሩት ሰው ልጃቸውን በአንድ ክረምት ለክተው መዝገቡን ዘግተውታል። ቦሎቄን ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ፤ የገዛ ልጃቸውን አንድ ጊዜ። ቁጣዬ ወደ ራሴ ሲዞር ግን ባሰብኝ፤ እሳቸው አዳማ ነበሩ፣ እኔ ሐዋሳ ከቤቷ በባጃጅ አምስት ደቂቃ ላይ ነበርኩ።

እትዬ አስቴር ዓይኗን አነሳችና አገኘችኝ።

«ይኸው ምስክሩ ተቀምጧል» አለች። «አንተ አይደለህ በየወሩ ለጋሼህ የምትነግረው? በል ለልጄ ንገራት። ውኃው ጨው ነው አላልክም?»

አላልኩም ብል ጋሽ ደምሴን በሦስተኛ ቀናቸው ውሸታም ላደርጋቸው ነው። ብያለሁ ብል እትዬ አስቴር ለነዚያ ሁለት ሳህኖች ብቻዋን ልትቀር ነው። ሳላስበው ቀና ብዬ የድንኳኑን ሸራ ማየት ጀመርኩ።

«እትዬ፣» አልኩ፣ «እኔ ውኃውን አልለካሁትም።»

«ምን?»

«አልተለካም።»

ኦቦ ቱሉ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ አስቴር ፊቷ ምንም አልተለወጠም።

«ትንኙስ?»

«አልተለካም።»

«ቁርጥማቱስ?»

«እሱም አልተለካም፣ እትዬ።»

በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። «ታዲያ ደምሴ ሰባት ዓመት ሙሉ ምን ሲያጠና ነበር?» አለች። የሊዲያን እጅ ገልብጣ መዳፏን ለረዥም ጊዜ አየችው። ከዚያ የሰው ሁሉ ጆሮ እሷ ላይ እንደሆነ እያወቀች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንዲህ አለች።

«እንግዲያው እኔው ሄጄ መለካቴ ነው። ሦስት ክረምት ግን እቆያለሁ፣ ሊዲያ። በአንድ ክረምት የሚታወቅ ነገር የለም።»